አሮጌ ትራክተሮችን ሰብስቦ ያለ ውድድር መዋል፦ ከጣና ዳር የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

ይህን የጻፍኩት ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ትራክተር ላቆሙ፣ አባታቸው ወይም አጎታቸው በትራክተር ሹፌርነት ላሳደጓቸው፣ ወይም የድሮ ናፍጣ ሞተር ሲነሣ መስማት ለሚወዱ ሁሉ ነው። እኔና ጓደኞቼ በየዓመቱ አንድ እሑድ ባሕር ዳር አጠገብ ሜዳ ላይ ማሽኖቻችንን ይዘን እንውላለን። አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ሰባት ትራክተር ይመጣል። ዋንጫ የለም፣ ዳኛ የለም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን ካልጠበቁት ቀኑ ይበላሻል።

1. ዳኝነቱን ከመጀመሪያው አስቀሩ

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ሰው ዳኛ አድርገን፣ ለአንደኛው ሙክት አዘጋጅተን ነበር። ያሸነፈው ትራክተር ከኮፋኖው እስከ ቸርኬው አዲስ ቀይ ቀለም የጠጣ ነበር፤ የሞተር ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ ሳይቀር በቀለም ተሸፍኗል። አጠገቡ የቆመው የአንድ ሽማግሌ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ቀለሙ ከስሏል። መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ የፍሪሲዮን (የማርሽ መቀየሪያ) ፔዳሉ ጠርዝ በጫማ ብዛት ተሞርዶ ክብ ሆኗል። ያን ፔዳል 38 ዓመት የረገጡት እሳቸው ናቸው። ውጤቱ ሲነበብ ምንም አልተናገሩም። ምሳ ሳይቀርብ ማሽናቸውን አስነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ስንጠራቸው «እናንተ ተጫወቱ ልጆቼ» ብለው ቀሩ።

ከእሳቸው ጋር የናፍጣ ፖምፓን በጆሮ የሚመረምር እውቀት ቀረብን። ሌላም ነገር ታዘብን፦ ዳኛ ሲኖር ሰው የማሽኑን ሕመም ይደብቃል። ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቦታ በጨርቅ ይሸፍናል፣ ሞተሩ አልነሣ ሲለው «ባትሪው ነው» ይላል፣ መለዋወጫ ያገኘበትን ቤት አይናገርም። በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ልከን፣ እኛም ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ዳኝነቱም እንደቀረ ነገርናቸው። ያን ጊዜ መጡ።

በሌላው ዓለም ውድድሩ የራሱ ሜዳና ደንብ አለው። የዓለም የእርሻ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 ካናዳ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ሰው የትልሙን ቀጥታና ጥልቀት እየተለካለት ይወዳደራል። የትራክተር ጉተታ የሚባለውም አለ፤ በተጎተተ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የሚከብድ ተሳቢ ይታሰርለታል። እነዚህን አልነቅፍም። ነገር ግን ጉተታን አሮጌ ማሽን ላይ እንዳትሞክሩት አደራ። ፍሪሲዮኑና የኋላ ጥርሶቹ በዚህ ዕድሜያቸው ያን ጫና አይችሉም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ጭነቱ ከኋላ አክሱል በላይ ከታሰረ የፊት ጎማዎቹ ይነሣሉ፤ ትራክተሩም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። የድሮዎቹ ላይ ሹፌሩን የሚያድን የብረት ከለላ የለም።

ስለዚህ ጥሪ ስታደርጉ ቃሉን በግልጽ ተናገሩ፦ «ውድድር የለም፤ የማይነሣም ቢሆን አምጡት።» ይህች ሁለተኛዋ ሐረግ ብዙ ሰው ታመጣለች።

2. ወሩና ሜዳው

ጥር አጋማሽና የካቲት መጀመሪያ ይመረጣል። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ማሽኖቹም ፋታ አላቸው። የጥምቀትን ሳምንት ተዉት፤ ያን ጊዜ መንገዱም ሰውም የታቦቱ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሆነ ምሳው ላይ የጣና ዓሣ ይኖራል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀምሩ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው።

ሜዳው ከሐይቁ ይራቅ። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ መግቢያ ቀስ እያለ ይሸሻል። ውኃው የለቀቀው ዳር በጥር ላዩ ደርቆ፣ ሣር አብቅሎ ጥሩ ሜዳ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ገና ጭቃ ነው። ማሴ ፈርጉሰን 135 አንድ ቶን ተኩል ገደማ፣ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ማሽን እዚያ ከሰመጠ ለማውጣት ሌላ ትራክተር ይገባል፤ ሁለተኛውም አብሮ ይሰምጣል። እኛ ፌሮ ይዘን እንሄዳለን። በሁለት እጅ ተጭነን ከአንድ ስንዝር በላይ በቀላሉ ከገባ፣ ወደ ከፍታው እንሸሻለን። የሜዳው ባለቤት ፈቃድ፣ ለቀበሌውም ማሳወቅ አይረሳ።

ጥላ ያለበት ይሁን። አንድ ዋርካ ካለ ሁሉ ነገር በዙሪያው ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ስፍራ አስቀድማችሁ እዚያ ያዙ።

3. የተኛውን ሞተር ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱ

ይህን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ዓመቱን ሙሉ የቆመን ሞተር ዕለቱን ቁልፍ አዙሮ ማስነሣት ግፍ ነው።

መጀመሪያ የጭስ ማውጫውንና የአየር ማጣሪያውን እዩ። በድሮዎቹ ላይ ማጣሪያው ሥሩ ዘይት ያለበት ጣሳ ነው፤ አየሩ ዘይቱን እየነካ ሲያልፍ አቧራው እዚያ ይቀራል። ጣሳውን ፍቱ። ውስጡ አይጥ ጎጆ ሠርታ፣ ወይም ዘይቱ ረግቶ እንደ ቅቤ ሆኖ ይገኛል። በናፍጣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ምልክቱ ድረስ ብቻ ሙሉ። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል።

ቀጥሎ ከናፍጣው ውስጥ ውኃውን አውጡ። ግማሽ ሆኖ የከረመ ታንከር ውስጥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ እርጥበቱን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል፤ ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ስታነሡት ውኃው ከታች ተለይቶ ይታያል። ጥርት ያለ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድረስ ቀጥሉ።

ሦስተኛው ዘይቱን ወደ ቦታው መመለስ ነው። የሞተር ማጥፊያውን ስባችሁ ያዙ፤ ናፍጣ እንዳይሄድ። ከዚያ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አምስት አምስት ሰከንድ አዙሩ፤ በመካከሉ እረፉ። የዘይት ግፊት መርፌው ሲንቀሳቀስ ስታዩ ዘይቱ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ማጥፊያውን መልሱ።

አሁን አየሩን ማስወጣት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ካለ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም፤ ባትሪውም ያልቃል። ብዙዎቹ 135ዎች ላይ ባለው በፐርኪንስ ሞተር ላይ እንዲህ ይደረጋል። ከፊልትሮው አናት ያለውን ትንሽ ብሎን በግማሽ ዙር አላሉ። ከሞተሩ ጎን ያለውን ማንሻ ፖምፓ በጣት እየጫናችሁ ልቀቁ፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ ይወጣል። ያን ጊዜ ማንሻውን ሳትለቁ ብሎኑን አጥብቁ። ማንሻው ልል ሆኖ ምንም የማይገፋ ከሆነ ፖምፓው አልተበላሸም፤ ፖምፓውን የሚገፋው ካም (እብጠት ያለው ዘንግ) ወደ ላይ በወጣበት ቆሞ ነው። ሞተሩን ትንሽ አዙራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ከዚያ በዋናው ፖምፓ ላይ ያሉትን ሁለት የአየር ብሎኖች በተራ እንዲሁ አድርጉ። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) ከሚሄዱት ቱቦዎች የሁለቱን ዳዶ (ማሰሪያ) አላልታችሁ፣ ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ በሞተሪኖ አዙሩ፤ ናፍጣው ፈንጠር ፈንጠር ሲል ዳዶውን አጥብቁት። አንዱ ሲይዝ ሌሎቹ ይከተላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ አንዷን ብሎን የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኢንጀክተር አፍ በሚረጨው ናፍጣ ፊት እጃችሁን አታድርጉ። ግፊቱ ከተራው አየር ግፊት ከ150 ጊዜ በላይ ስለሚሆን ቆዳ ይበሳል። የተበሳው ቦታ እንደ መርፌ ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ራዲያተሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእኛ አገር የተለየ ነገር ስላለው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው። እኔ አንድ ዓመት ይህን ንቄ የክዳኑ ላስቲክ እንደተሰነጠቀ ወደ ቤዛዊት ዳገት ወጣሁ። ዳገቱ ሳያልቅ ፈላ። ወርጄ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት፤ እንፋሎቱ የእጄን አንጓ ላጠው። ምልክቱ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን በየዓመቱ እቀይራለሁ፤ ሞተር ከሞቀም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳልቆይ አልነካውም። ቺንጊያውንም ተመልከቱ፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ መርገብ አለበት፣ መዋዠቅ ግን የለበትም።

ከፍታው ጉልበትም ይቀንሳል። ቱርቦ (አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። 45 የፈረስ ጉልበት የሚባለው 135 እኛ ዘንድ ሲደርስ 37 ገደማ ይቀረዋል። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው በሙሉ ስለማይቃጠል በጭነት ጊዜ ጭሱም ይጠቁራል። ስለዚህ ቆላ ላይ ከሠራ ሰው ማሽን ጋር የእናንተን እያነጻጸራችሁ አትዘኑ፤ አየሩ አንድ አይደለም።

ቀለም መቀባት የፈለገ ይቀባ። የኔ ምክር ግን ከእጅና ከእግር የተሠሩትን ምልክቶች ተዉአቸው ነው፤ ያ መሪ፣ ያ ፔዳል የሰው ዕድሜ ነው።

4. መንገድ ላይ

ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች የምታያይዘዋን መቆለፊያ አስገቡ። ማሳ ላይ ለመጠምዘዝ ተለያይተው ይሠራሉ፤ አስፋልት ላይ ግን አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደዚያው ጎን ዞሮ ይገለበጣል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የምትሻገሩ ከሆነ በማለዳ ተሻገሩ፤ ባጃጁ ሳይበዛ። ከወረታ ወይም ከዳንግላ የሚመጣ ማሽን በሎቤድ (ዝቅ ባለ ማሽን ጫኝ መኪና) ይጫን። ጥንድ ሆናችሁ ሂዱ፤ ከኋላ የሚከተል መኪና መብራቱን ያብራ።

5. አቋቋም

ትራክተሮቹን በመስመር አታሰልፉ። በመስመር ሲቆሙ ዓይን ሳያውቀው ይመዝናል፤ «ያኛው ይበልጣል» ማለት ይጀመራል። በክብ አቁሟቸው፣ ፊታቸው ወደ መሐል። ሰው መሐል ገብቶ ይዞራል፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

ከእያንዳንዱ ፊት አንድ ካርቶን አድርጉ። የሚጻፈው ይህ ነው፦ መቼ እንደተሠራ፣ የት የት እንደሠራ፣ ማን ይነዳው እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚያመው። የመጨረሻዋን ሁሉም ባለቤት ግዴታ ይጻፋት። «ሃይድሮሊኩ ያነሣል፣ ግን አይዝም።» «ሁለተኛ ማርሽ ይዘላል።» ይህ በተጻፈበት ሜዳ ላይ ሰው ማሽኑን የሚያጸዳው ለማማር ሳይሆን ሕመሙ እንዲታይ ይሆናል፤ አላፊውም ከማድነቅ ይልቅ ሐሳብ ይሰጣል። ባለፈው ጊዜ «ማርሽ ይዘላል» ብሎ የጻፈው ልጅ ከምሳ በፊት ሦስት ሰው የካምቢዮውን (የማርሽ ሣጥኑን) ክዳን እንዴት እንደሚከፍት አሳይቶት ነበር።

ማሽኑ መቼ እንደተሠራ የማያውቅ ሰው ሰሌዳውን ይፈልግ። 135 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ላይ ያለው የፐርኪንስ ሞተር 3.152 ይባላል፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 152 ኪዩቢክ ኢንች፣ በእኛ ልኬት ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ቤላሩስ የሚሠራው የሚንስክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ተቋቁሟል፤ ኤምቲዜድ 80 የመጣው በ1974 ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የግለሰቦች ሰፋፊ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ትራክተሮቹም አብረው ዞሩ። ከዚያ ወዲህ የሶቪየት ማሽን በዛ። አንድ ማሽን በንጉሡ ዘመን ተገዝቶ፣ በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻ ሠርቶ፣ በኋላ በጨረታ ተሸጦ ግቢያችሁ ሊደርስ ይችላል። ካርቶኑ ላይ ይህን ማንበብ ከዋንጫ በላይ ነው።

ከዚያ ሞተሮቹን አንድ በአንድ አስነሡ። አደራ፣ በአንድ ጊዜ አይሁን። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ አንዱ ብቻ ሲሠራ ሰው ድምፁን ይለያል። ሦስት ሲሊንደሩ ሲነፍስ ይሰማል፤ በምቶቹ መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። አራት ሲሊንደሩ የቤላሩስ ሞተር የተያያዘ፣ ወፍራም ድምፅ አለው። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ስጡ፤ ሰው ዝም ይበል።

6. ጆሮ ለሽማግሌዎቹ

ይህ የቀኑ ዋና ነው። የቀድሞ ሹፌሮችንና መካኒኮችን ፈልጋችሁ፣ መኪና ልካችሁ አምጧቸው። ባሕር ዳር በዚህ ታድላለች፤ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ትብብር ሲከፈት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መሣሪያ ነበር። ከዚያ የወጡ እጆች ዛሬም በከተማው አሉ።

እኚያ ቀድሞ ጥለውን የሄዱት ሽማግሌ ከተመለሱ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት የአባቱን 135 ይዞ መጥቶ ነበር። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጋራዥ ሙሉ ሞተሩ መሠራት አለበት ብሎታል። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሡ ትንሽ አዳመጡ።

«ጋሼ፣ ያንኳኳል አይደል?» አላቸው ልጁ።

«አያንኳኳም ልጄ። አንዱ ጉሮሮ አልዋጠም ነው የሚልህ። የኢንጀክተሩን ቁልፍ አምጣልኝ።»

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ከኢንጀክተሮቹ የመጀመሪያውን ቱቦ ዳዶ ሩብ ዙር አላሉ። ናፍጣው በጎን ፈሰሰ፣ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ተንገዳገደ። «ይህ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ስንከለክለው ተሰማው» አሉ። አጠበቁት። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውን ሲያላሉት ድምፁ ምንም አልተለወጠም። ቀና ብለው ልጁን አዩት፤ ልጁ ገብቶታል። በማግስቱ ያን ኢንጀክተር ብቻ ፈትቶ ወደ ፖምፓ ሠሪ ወሰደው፤ አፉ ታጥቦ፣ ግፊቱ ተለክቶ ተመለሰ። ሞተሩ ዛሬም አልተከፈተም።

ይህን በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ጓንት አድርጉ፣ ጨርቅ ከዳዶው ላይ ጣል አድርጉ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦው የጋለ ከሆነ ናፍጣው እዚያ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ።

ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ደብተር የያዘ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። በስልክ መቅዳትም ጥሩ ነው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። «የት ነበር የሚሠራው? ማታ የት ታድራላችሁ? ናፍጣ ሲያልቅ ምን ታደርጉ ነበር?» እያላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወሬውን ይከፍታል።

7. እርሻ ማሳየት ከፈለጋችሁ

አንድ ገበሬ ከነጥማዱ ጋብዙ፤ ማን እንደሚቀድም ለማየት ግን አይደለም። በሬዎቹ አንድ ትልም ያውጡ፣ ትራክተሩ ከጎኑ አንድ ትልም ያውጣ፤ ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አፈሩን ይይ። የእኛ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ድግሩ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ አፈሩ ግን አይገለበጥም። ለጤፍ ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ እየተመላለሱ አቋርጦ ማረስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የትራክተሩ ማረሻ ጠፍጣፋ ክንፉ አፈሩን አንሥቶ ይገለብጠዋል፤ ሣሩ ከሥር ይገባል። ሁለቱን ትልሞች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

የሃይድሮሊኩንም (በዘይት ግፊት ማረሻውን የሚያነሣውን) ነገር አሳዩ። ስሙ ማሴ ፈርጉሰን ላይ ያለው ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር ሲያያይዘው፣ የማረሻው ጫና የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት እንዲጫን አደረገ። ቀላል ትራክተር ሳይንሸራተት ማረስ የቻለው በዚህ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ በአንድ ጣት ማንሻዋን ስባ ያን ሁሉ ብረት ስታነሣ የፊቷን መገረም ማየት እኔን ከቀኑ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

8. ትራክተር ሳይኖራችሁ ለመጣችሁ

«ስንት ያወጣል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ባለቤቱ የአባቱን ዕቃ ይዞ ቆሟል። «ማን ነበር የሚነዳው?» በሉ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ሳታስፈቅዱ አትውጡበት፣ አትንኩ። ፎቶ ስታነሡ ሰውየውን አብራችሁ አንሡ፤ ብቻውን የቆመ ማሽን ፎቶ በየትም ይገኛል።

9. ነጠላ፣ ጋቢና ልጆች

እሑድ ነው፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ለብሶ ይመጣል። ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው ጉልበት ሰጪ ዘንግ በደረጃው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። ዘንጉ ቀጭን ነው፣ ዙሪያው 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የነጠላ ጠርዝ ከነካው በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል፤ እጅ ለመሸሽ ጊዜ የለውም። ሜዳው ላይ ዘንጉ በምንም ምክንያት አይዙር፤ መሸፈኛ ቆብ ከሌለው ፈልጉለት። ሌላ የሚሽከረከር ነገር ለማሳየት ያስፈለገ እንደሆነ ገመድ ተወጥሮ፣ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ።

ልጆች ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ሆኖ። ማሽኑ እየሄደ ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) ላይ ወይም መጎተቻው ላይ ማንም አይሳፈር። ይህን ደንብ ለዘመድም አታላሉ።

10. ቡናና መመለስ

ቡናው ከቀኑ አጋማሽ በኋላ ይፈላ፤ ሦስቱም ይጠጣ። በእኛ ሜዳ ላይ መለዋወጫ የሚገኝበት ቤት፣ ብየዳ የሚችል ሰው፣ ትርፍ ራዲያተር ያለው ጓደኛ ሁሉ የሚታወቀው በሁለተኛው ስኒ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሣል፤ ካርቶኖቹን ድንጋይ ጫኑባቸው።

ማሽኑን ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። አትፍቀዱ። አንድ ሊትር ዘይት ብዙ ውኃ ያበላሻል፤ ቆሮሶውንና አምባዛውን የምንበላው ከዚያው ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ሥር አሮጌ ሳፋ አድርጉ፤ የተጠራቀመውን ዘይት በጀሪካን ይዛችሁ ተመለሱ። ማሽኑ ቤት ደርሶ ይታጠብ።

ቤት ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራና ይቀዝቅዝ። ታንከሩን በናፍጣ ሙሉ፤ ባዶ ቦታ ከሌለ እርጥበት የሚጠራቀምበት አይኖርም። የባትሪውን የኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ፤ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ነፋስ ለኩ። ጎማዎቹ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጆንያ ጣሉባቸው። የጭስ ማውጫውን በባዶ የወተት ጣሳ ክደኑት፤ ጣሳው ላይ የዛሬውን ቀንና ካርቶኑ ላይ የጻፋችሁትን ሕመም በቀለም ጻፉበት። በሚቀጥለው ዓመት ጣሳውን ስታነሡ የት እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ።